ጓሉን አታድቅቀው

ልጄ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድምህ በላከው ገንዘብ የውኃ መሳቢያ ሞተር መግዛትህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሻሸጎ ላይ በበጋ ሽንኩርት ማልማት ጉልበት ይጠይቃል። ስለ ነፋሱ ሳልነግርህ ብቀር ግን ኅሊናዬ አያርፍም።

እኛ የሀዲያና የከምባታ ሰዎች የአፈር ጠላት ሲባል የሚታየን ጎርፍ ነው። እውነት ነው፤ የሌሞን አፈር ጠርጎ ወደ ቦዮ ሐይቅ ሲወርድ እያየን አድገናል። ነፋስ ግን እንደ ጎርፍ ድንበር ስለማያፈርስ ማንም አይከሰውም። የእናንተ አካባቢ አፈር ደግሞ ከስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ፣ ቀላል ነው። በመስኖ ስላጠጣኸው የዳነ አይምሰልህ፤ ከሥር እርጥብ ሆኖ ሳለ ላዩን ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል።

የሚከፋው ሽንኩርቱ ሲነሳ ነው። ስንዴ ቢታጨድ ሥሩ መሬቱን ይዞ ይቀራል፤ ሽንኩርት ግን ተነቅሎ ይወጣል፣ መሬቱም ራቁቱን ይቀራል። የጥር ነፋስ ሲነሳ አሸዋው ከመሬት ስንዝር ያህል እየዘለለ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ሌላውን ያስነሳል፣ የጎረቤትን ችግኝም ይገርፋል። ደቃቁ ሽቅብ ወጥቶ ይሄዳል። የፍግህና የማዳበሪያህ ኃይል የተያዘው በዚያ ደቃቅ ላይ ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አፈር የመሸከም አቅሙ ስምንት እጥፍ ገደማ ይደርሳል።

እናትህ ጓሮ ግባና ከእንሰቱ ሥር አፈር ዝገን። ጥቁር ነው፤ ስትጨብጠው ይያያዛል። ፍግ ስለጠገበ ብቻ አይደለም፤ ቅጠል ለብሶ ጥላ ሥር ስለሚውል ነው።

እንግዲህ ሽንኩርቱን እንዳነሳህ መሬቱን ደጋግመህ አትረስ። ጓሉን ተወው፤ ቡጢ የሚያህል ጓል ነፋስ አያነሳውም። የበቆሎህን አገዳ ለከብትና ለማገዶ እንደምትፈልገው አውቃለሁ፤ ቢሆንም በግማሹ ራቁቱን የቀረውን መሬት አልብሰው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሰስባኒያ ወይም የርግብ አተር በረድፍ ትከል። ሁለት ሜትር የደረሰ ረድፍ ወደ ሃያ ሜትር የሚጠጋ ማሳ ይከልላል። ፈጽሞ ጥቅጥቅ አታድርገው፤ ነፋሱ ካላለፈበት ከኋላው እየተሽከረከረ ማሳህን ያምሰዋል። ባሕር ዛፍ ግን አደራ፣ ውኃህን ይሻማሃል። ዳር ዳሩን ደሾ ሣር አሲዘው፤ የዶዮገና ገበሬዎች እርከናቸውን በደሾ አጽንተው ከብቶቻቸውንም ይቀልቡበታል።

መሬቱ የኪራይ ነው ትለኝ ይሆናል። ከባለመሬቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ኪራይህ ሲያልቅ ተክሉ ለእሱ ይቀርለታል፣ እስከዚያ አንተ ታመርትበታለህ። ሽማግሌ ካስፈለገ እኔ እመጣለሁ።