ዜማውና ሚዛኑ

ሙዚቃን ዐዋቂ የሚባለው ማን ነው? የሚጫወተው ነው ወይስ የተጫወቱትን በስም ለይቶ የሚያስረዳው? ጥያቄው የቃላት ክርክር አይደለም፤ የፍትሕ ጥያቄ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ንድፈ ሐሳብ የሚያጠና ወጣት ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ዐራቱ ቅኝቶች ብሎ ይማራል። ተማሪው የወላይታ ሶዶ ልጅ ነው እንበል። በመስከረም፣ በጊፋታ በዓል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማውን ዜማ በዚህ ሚዛን ሲመዝን የማይገጥም ቢያገኝስ? ጎዶሎው ዜማው ነው ወይስ ሚዛኑ?

ከወላይታ በስተደቡብ የሚኖረው የደራሼ ሕዝብ በቀርከሃ የሚሠራ ፊላ የተባለ የትንፋሽ መሣሪያ አለው። እያንዳንዱ ነፊ ከዜማው የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወለደው ሲቀባበሉ ነው። ይህን እንደ አንድ ሰው ዜማ በአንድ መስመር ኖታ የጻፈ ምሁር ድምፁን ቢያስቀር እንኳ መቀባበሉን ጥሎታል።

ይህ ሲባል ግን ንድፈ ሐሳብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል አደራጁት የሚባለው የዜማ ምልክት ለስንት ትውልድ የማስታወሻ ምርኩዝ ሆኗል። ስም ያልወጣለት ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር ሊቀበር ይችላል።

ሶዶም ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ጸሐፊውና ሽማግሌው ነፊ የአንድ ከተማ ሰዎች ሆነዋል። እንግዲህ ምሁሩ ዜማውን ሊመዝን ሲሄድ ሚዛኑንም ለማስመዘን ይዘጋጅ።