ጥቁር ጫካ፣ ነጭ አበባ

ሰው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ካሜራ ሲያነሳ ቤተሰቡ ይሰጋል መሰለኝ። ልጄ «አባዬ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና ነኝ። የዱር አበባ ፎቶ ማንሳት አማረኝ እንጂ ሌላ ነገር አላገኘኝም።

እናም በመስከረም ማለቂያ አንድ ቅዳሜ ወደ መናገሻ ሱባ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው ጥንታዊ ደን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጥዱና ዝግባው የሚጥሉት ጥላ የዋዛ አይደለም። በእኩለ ቀን ገብታችሁ የመሸባችሁ ይመስላችኋል።

ውኃ ዳር፣ እርጥቡ ጥላ ውስጥ፣ እንሶስላ አገኘሁ። እናቶቻችን ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን የሚሞቁት፣ ያው እንሶስላ። ሥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አበባውን ስንቶቻችን አይተናል? ነጭ ነው፤ ጉሮሮው ላይ ብቻ ወይን ጠጅ ጣል ተደርጎበታል። ያንን ሁሉ ቀለም ከአፈር በታች ቀብሮ፣ ከላይ ነጭ ለብሶ ቆሟል።

አነሳሁት። ጉድ ፈላ! የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ከፊቱ ያለው አብዛኛው ጨለማ ስለሆነ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ከልክ በላይ አስገባ። ጫካው ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ አበባው ግን ተቃጥሎ ነጭ ጠብታ ሆነ። ብርሃኑን ቀነስኩ። አሁን አበባው ተአምር ሆነ፤ እያንዳንዱ መስመር ይታያል። ጫካው ደግሞ ጥቁር መጋረጃ ሆኖ አረፈው። ዝግባ የለ፣ ከዝግባው ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት የለ፣ ውኃ የለ። አብሮኝ የነበረው የደኑ ጠባቂ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየና፣ «ጋሼ፣ በሌሊት ነው እንዴ ያነሱት?» አለኝ። ሳቅን።

«ደመና እስኪመጣ ይጠብቁ» ብሎም መከረኝ። ደመናው ሲመጣ በቅጠል መሐል ሾልኮ አበባው ላይ ያረፈው ፀሐይ ጠፋ፤ በነጩና በጥቁሩ መካከል የነበረውም ልዩነት ጠበበ። ሦስተኛ ፎቶ አነሳሁ። አበባው እንደ ቅድሙ አያንጸባርቅም። ግን ዛፉም፣ ሽበቱም፣ ውኃውም አሉ።

ማታ ሁለቱን አጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ።

ከዓመታት በፊት ሥነ ጽሑፍ አብሮኝ ያስተማረ ወዳጄ ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ለማንም ባለሥልጣን ልጅ ግማሽ ነጥብ ያልጨመረ ሰው ነበር። ይህንን ተናገርኩ። እዚያ ላይ ባበቃ መልካም ነበር። ግን የሥነ ጽሑፍ መምህር ምን ቢሆን ንጽጽር ሳያገኝ አያድርም፤ «በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ መብራት ነበረን» አልኩ። ለቀስተኛው አነባ። እኔም በንግግሬ ሳልኮራ አልቀረሁም።

ከቀብር መልስ አንድ የድሮ ባልደረባችን ጠጋ ብሎ፣ «እሱን ለማብራት እኛን ማጥፋት ነበረብህ?» አለኝ። ይህ ሰው ሟች ታሞ በተኛ ጊዜ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ያለ ክፍያ የእሱን ክፍለ ጊዜ ደርቦ ያስተማረ፣ ፈተናውን ያረመ ሰው ነው። ያ ግማሽ ነጥብ ጣጣ ባመጣ ጊዜም ከሟች ጎን የቆመው እሱ ነው። «እኔ ማንን ስሙን ጠርቼ አማሁ?» ብዬ ተቆጣሁ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፤ ማንንም ሳያሙ፣ በምስጋና ብቻ፣ ሰውን መበደል ይቻላል?

ልጄ ትሟገተኛለች። «አባዬ፣ ሁሉም ፎቶ ይመርጣል። አበባ ካልክ አበባ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። የቀብር ንግግርም የስብሰባ ቃለ ጉባኤ አይደለም፤ የሁሉም ስም አይዘረዘርበትም። ነገር ግን መተው ሌላ፣ ማጥቆር ሌላ። ከፎቶው ውጭ የቀረ ዛፍ አልታየም እንጂ አልተበደለም። ፎቶው ውስጥ ገብቶ የጠቆረው ግን ለአበባው መድመቂያ ሆኖ ነው የቀረው።

ደግሞም ውሸቱ በጫካው ላይ ብቻ አይደለም፤ በአበባውም ላይ ነው። እንሶስላ በጥላና በእርጥበት የሚኖር ተክል ነው። ጥላውን ጨለማ ካልነው ያኖረውን ጠላቱ አደረግንበት ማለት ነው። ወዳጄም እንዲሁ። ቀጥ ብሎ የቆመው የሚደገፍበት ትከሻ ስለነበረው ጭምር ነው። ትከሻውን ሰውረን እሱን ብቻ ስናሳይ፣ ወጣቱ ደግነት አንዳንዴ ለአንድ ሰው የሚወርድ ተአምር ይመስለዋል። «እኔ መብራት አይደለሁም» ብሎም በሰላም ይተኛል።

አልደብቃችሁም፤ ጥቁሩ ፎቶ ያምራል። ለመጽሔት ሽፋን የሚመረጠው እሱ ነው። ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ግን የደመናውን ነው።

ባልደረባዬ ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ቆየህ» አለኝ። ከዚያ ቡና አስፈላልኝ።

እኛ ለቅሶ ቤት የምንላት ነገር አለች፤ «እንደሱ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም!» ለሟች ፍቅራችንን ለመግለጽ ነው፤ ክፋት የለንም። ዳሩ ግን ይህንን ስንል ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚያዞሩ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ ሦስት ሌሊት ያልተኙ ሰዎች አሉ። ይሰማሉ።