ነፋሱን ያየ ይናገር

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 12፥54-56፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27



ካይሮ የሰነበትን ሁላችን ኸማሲንን እናውቀዋለን። ጠዋት በረንዳውን አጥበን፥ ልብሱን አስጥተን ሳንጨርስ ሰማዩ ቢጫ ይሆናል። ማዳም «መስኮት ዝጊ!» ትላለች። ብንዘጋውም አቧራው በስንጥቁ ይገባል፤ ማታ ያው ቤት እንደ አዲስ ይወለወላል። ስሙ የመጣው በአረብኛ «ሃምሳ» ከሚለው ቁጥር ነው፤ በጸደይ ወራት ሃምሳ ቀን በሚያህል ጊዜ ውስጥ መጣ ሄደት የሚል ነፋስ ነውና። ከምዕራብ የተነሣ ዐውሎ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ምሥራቅ ሲያልፍ፥ ከደቡብ በረሃ ያለውን ትኩስ አየርና አሸዋ ከፊቱ ይስበዋል። እኛ ላይ የሚወርደው ያ ነው።

ጌታችን በሉቃስ 12 ላይ የሚናገረው ስለዚሁ ዓይነት ነፋስ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ደመና ከምዕራብ ሲወጣ ዝናብ፥ ነፋስ ከደቡብ ሲነፍስ ደግሞ ሙቀት እንደሚመጣ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ጌታ የወቀሳቸው ሰማዩን ስላወቁ አይደለም። ሰማዩን የሚያነብ ዓይን እያላቸው፥ በፊታቸው ያለውን ዘመን ላለማየት ስለጨፈኑ ነው። ታዲያ እኛስ? የምናየውን እናያለን ወይ? ያየነውንስ እንናገራለን ወይ?

ሰው ሁሉ ከዐውሎ ሲሸሽ፥ ወደ ዐውሎው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳ ላይ፥ ከኦክላሆማ እስከ ሰሜን ዳኮታ፥ ከደቡብ ባሕር የሚመጣው እርጥብና ሞቃት አየር ከተራራና ከሰሜን ከሚመጣው ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ጋር ይጋጠማል። ከዚያ ቶርኔዶ የሚባለው እየተሽከረከረ ቤት የሚነቅል ነፋስ ይወለዳል። ዴቪድ ሆድሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ በሰሜን ዳኮታ በመኪና ዐውሎ ይከታተል ነበር፤ በዚህ ነገር ከቀደሙት አንዱ ነው። ዛሬ ብዙዎች ይህን ያደርጋሉ። አንዳንዱ ለፎቶ፥ አንዳንዱ ለጉድ ይሄዳል። የተሻሉት ግን የሚሄዱት ሌላው ሰው የማምለጫ ጊዜ እንዲያገኝ ነው።

«ራዳር እያለ ሰው ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የራዳር ጨረር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ምድር ግን ክብ ናት። ስለዚህ በራቀ ቁጥር ጨረሩ ከመሬት ከፍ እያለ ይሄዳል። ራዳሩ የደመናውን ላይ ያያል፤ መሬት ላይ እየሆነ ያለውን ግን አያይም። ያንን የሚያየው እዚያው የቆመ ሰው ነው። ስለዚህ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ያዩትን በስልክና በሬዲዮ ለአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ይናገራሉ፤ መሥሪያ ቤቱም ሕዝቡን ያስጠነቅቃል።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማር።

አንደኛ፥ ከሩቅ የማይታየውን በቦታው ያለው ያያል።

አገር ቤት ያሉት የሚያዩት የደመናውን ላይ ነው። የላክነውን ገንዘብ ያያሉ፤ በበዓል ቀን ለብሰን የተነሣነውን ፎቶ ያያሉ። መሬት ላይ ያለውን የምናውቀው እኛ ነን። ፓስፖርት ተቀብሎ የሚቆልፍ ደላላ እንዳለ እናውቃለን። «ዛሬ ነገ» እየተባለ የሚያልፍ ደመወዝ እንዳለ፥ በሱዳን በረሃ የሚመጣው መንገድ ምን እንደሚበላ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በሲና በረሃ ወገኖቻችን፥ በተለይም ኤርትራውያን፥ ታግተው ቤተሰባቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ እንደተጠየቀባቸው የምናውቅ ነን። በሚያዝያ 2023 ደግሞ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሣ።

ይህን ሁሉ እያወቅን ስልክ ሲደወል ምን እንላለን? «ሁሉ ደህና ነው።» እናታችን እንዳትጨነቅ ብለን ነው፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን ከእናታችን ጎን ሆና የምትሰማ ታናሽ እህት አለች። «ሁሉ ደህና ነው» ስንል እሷ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች። እናንተ እህቶቼ፥ ያ ዝምታ ፍቅር ነው ወይ? ለእናታችን ጭንቀቱን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ለእህታችን ግን ለብቻዋ ደውለን፥ የትኛው መንገድ እንደሚገድል፥ ምን ሳታጣራ እንዳትፈርም፥ በግልጽ እንንገራት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል።

ሁለተኛ፥ ማስጠንቀቂያ በጊዜው ሲነገርና ሲሰማ ሕይወት ያድናል።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2020 ሰዉ «ቲኒን» ማለትም ዘንዶ ብሎ የጠራው ዐውሎ ካይሮን መታ። የግብፅ የአየር ሁኔታ ባለሥልጣን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ መንግሥትም ቀኑን ሥራና ትምህርት ዘጋ። እንዲያም ሆኖ በአገሪቱ ቢያንስ 20 ሰዎች ሞቱ። ያ ሁሉ ሕዝብ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በመስከረም 2023 ደግሞ ዳንኤል የተባለው ዐውሎ በሊቢያ ደርና ከተማ ላይ ሁለት ግድብ አፈረሰ። በሌሊት በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በውኃ ተወሰደ። ከሞቱት መካከል ከቤኒ ሱወይፍ ለሥራ የሄዱ ብዙ ግብፃውያን ነበሩ፤ እንደኛው ለእንጀራ የተሰደዱ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ኃላፊ በዚያው ሳምንት፥ ደህና የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ አብዛኛው ሞት ሊቀር ይችል እንደነበር ተናገሩ።

በሐዋርያት ሥራ 27 ጳውሎስ የተሳፈረበት መርከብ ከዚሁ ከእስክንድርያ የመጣ ነበር። ጳውሎስ ጉዞው ጥፋት እንዳለው ተናገረ። መቶ አለቃው ግን ከእስረኛ ቃል ይልቅ የመርከቡን ሹምና ባለቤቱን አመነ። ለጊዜውም ልከኛ የደቡብ ነፋስ ስለነፈሰ ያሰቡት የተሳካ መሰላቸው። ደላላም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ነፋሱ ሁልጊዜ ልከኛ ነው።

ሦስተኛ፥ ወደ ዐውሎ የሚገባ መውጫውን ይወቅ፤ ብቻውን አይሂድ።

ቲም ሳማራስ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2003 በደቡብ ዳኮታ ማንቸስተር በምትባል ትንሽ መንደር ቶርኔዶው በሚያልፍበት መንገድ ላይ መለኪያ አስቀምጦ ሸሸ። ነፋሱ በላዩ ሲያልፍ የአየሩ ግፊት በ100 ሚሊባር ወረደ፤ እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ተለክቶ አያውቅም። መንደሯ ጠፋች፤ ተመልሳም አልተሠራችም። ሳማራስ ከሁሉ ይልቅ ጠንቃቃ ይባል ነበር። ሆኖም ግንቦት 31 ቀን 2013 በኦክላሆማ ቶርኔዶው በድንገት አቅጣጫውን ለውጦ፥ ስፋቱም ከ4 ኪሎ ሜትር አልፎ፥ እሱን፥ ልጁን ጳውሎስንና ባልደረባቸውን ካርል ያንግን ገደላቸው። ልምድ ብቻውን አያድንም ማለት ነው።

ስለዚህ «እኔ ዓረቡን አውቀዋለሁ፥ ስንት ዓመቴ» አንበል። አዲስ ቤት ስንገባ አድራሻውን ለአንዲት እህት እንስጥ። የፓስፖርታችንና የኢቃማችን ኮፒ ከእኛ ሌላ ሰው ዘንድ ይኑር። ስልክ ቢወሰድብን የምንደውልበትን አንድ ቁጥር በቃላችን እንያዝ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። ጳውሎስ ማንም እንደማይጠፋ የእግዚአብሔር መልአክ ነግሮት ሳለ፥ መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ግን ዝም አላለም፤ እነሱ ከቀሩ ብቻ እንደምትድኑ ለወታደሮቹ ነገራቸው።

አሁን አንዷ እህት ልቧ እንዲህ ይል ይሆናል፦ «ነግሬያት ነበር እኮ! 'አንቺ በልተሽ በሩን ልትዘጊብኝ ነው' አለችኝ። ከዚህ በኋላ ምን አገባኝ?» የአገራችን ሰው «ምከረው ምከረው፥ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። ብዙዎቻችንም እዚያ ላይ እናቆማለን። ጳውሎስ ግን አላቆመም። «ብትሰሙኝ ይሻል ነበር» ማለቱ እውነት ነው። ወዲያው ግን አይዟችሁ አላቸው። አሥራ አራት ቀን ሳይበሉ የቆዩትን እንዲበሉ ለመናቸው፤ እንጀራውን ይዞ አመስግኖ ቆረሰ። መርከቡ ተሰበረ፤ ሁለት መቶ ሰባ ስድስቱ ነፍስ ግን አንድ ሳይቀር ወደ ምድር ደረሰ። ከዳኑት መካከል ምክሩን ያልሰማው መቶ አለቃም ነበረ።

እንግዲህ ምክራችንን ሳትሰማ የመጣች እህት በራችንን ስታንኳኳ «ብዬሽ ነበር» ከማለታችን በፊት ውኃ እንስጣት፤ እንጀራ እንቁረስላት፤ ፍራሻችን ላይ ቦታ እንልቀቅላት። የሚነገረው በኋላ ይነገራል። ነፋሱን ያየ ይናገር፤ ያልሰማውንም ነፋሱ ሲጥለው ያንሣው።

እንጸልይ። ጌታ ሆይ፥ ያየነውን የምንናገርበት ድፍረት ስጠን። በዚህ ሳምንት በመንገድ ላይ ያሉትን፥ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሆነው ድምፃቸው የማይሰማውን እህቶቻችንን አስብ። ለእነርሱ የምንደርስ እጆች አድርገን። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።