አበባን ቆሞ መመልከት ጊዜ ማባከን ነውን?

ክረምቱ ተገባዶ መስከረም በጠባ በመጀመሪያው ሳምንት ከቁምስናችን ወጣቶችና ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ጋር ከሰበታ ተነሥተን ወደ ወጨጫ ተራራ ወጥተን ነበር። መንገዳችን በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ፣ የጅረቱን ሸለቆ ተከትሎ የሚሄድ ነው። እኩሌታውን እንኳ ሳንጓዝ ከመምህራኑ አንዱ፣ «አባ፣ በየአበባው አጠገብ እየቆምን መቼ እንደርሳለን? ደግሞስ ወገናችን እንጀራ አጥቶ ሳለ ቢራቢሮ መመልከት ጊዜ ማባከን አይሆንምን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው በቸልታ የሚታለፍ ስላልሆነ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ወደድሁ።

አስቀድሜ ያየነውን ልግለጽ። ይህ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት የሚነገርለት ነው። ዕድሜ ጠገብ ጽድና ዝግባ፣ ከፍ ሲልም ኮሶና አስታ ይገኙበታል። በገላጣው ሥፍራ ሁሉ አደይ አበባ ምድሩን ቢጫ አልብሶታል። በቁጥቋጦው መካከል ነጭ አበባ የምታወጣው ቀጋ አለች፤ እርሷም ማንም ሳይተክላት የምትበቅል የሀገራችን ጽጌረዳ ናት።

በአበቦቹ ላይ ቢራቢሮዎች ያርፋሉ። ቢራቢሮ ጣዕምን የምትለየው በእግሯ ነው፤ ካረፈች በኋላም የተጠቀለለ ምላሷን ዘርግታ የአበባውን ወለላ ትመጥጣለች። አስቀድማ አባጨጓሬ ነበረች። አባጨጓሬ ደግሞ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አይበላም፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች የሚመገቧቸው ዕፅዋት ጥቂትና የተለዩ ናቸው። እነዚያ ከጠፉ ቢራቢሮዋም ትጠፋለች። በባሕር ዛፍ ሥር ሌላ ዕፅ እምብዛም ስለማይበቅል በዚያ ለቢራቢሮ የሚሆን ብዙ ነገር አይገኝም።

ከተራራው ግርጌ፣ በሰበታ ዙሪያ፣ በፕላስቲክ በተሸፈኑ ቤቶች ለውጭ ገበያ የሚመረት ጽጌረዳም አለ። የብዙ ሰው እንጀራ ነውና አልነቅፈውም። ዳሩ ግን ቀጋን የሚገዛት የለም። ታዲያ የገበያ ዋጋ የሌለው ነገር ሁሉ ከንቱ ነውን? ቅዱስ አውጎስጢኖስ የምንጠቀምባቸውን ነገሮች ከምንደሰትበት ነገር ለይቶ አስተምሯል። እኔም ይህን መነሻ አድርጌ፣ ሁሉን በጥቅሙ ብቻ የሚመዝን ዓይን ውሎ አድሮ ሰውንም እንደዚያው እንደሚመዝን ለወጣቶቹ አስረዳ ጀመር። ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌና አልጋ የያዘ ሕመምተኛ በዚህ ሚዛን ምን ያህል ይመዝናሉ? አበባን ስለ ራሱ ማድነቅ የለመደ ግን ሰውንም ስለ ራሱ ማክበር ይቀለዋል አልሁ።

ይህን ስናገር ጠባቡን መንገድ ዘግተን ቆመን ኖሯል። ከወጣቶቹ አንዲቱ ክንዴን ነካ አድርጋ ወደ ኋላ አመለከተችኝ። አንዲት ሴት የማገዶ ሸክም አጉብጧት ንግግሬ እስኪያበቃ ዝም ብላ ትጠብቅ ነበር። ስለ ሰው ክብር እያስተማርሁ ሰው መኖሩን አላየሁም! እጅግ አፈርሁ። ይቅርታ ጠይቀን ሸክሟን አወረድንላት። ምን እንደምንመለከት ስትጠይቀን አበባውን አሳየናት። እርሷም፣ «እኔም እዚህ ሳርፍ አየዋለሁ፣ አባ፤ ደስ ይላል» አለችን። ከወጣቶቹ ሁለቱ ሸክሟን ተቀብለው እስከ መኪናው መንገድ ሸኟት።

ለመምህሩ መልስ የሰጠችው እንግዲህ እርሷ ናት። ውበት የጠገበ ሰው ብቻ የሚገባው ቅንጦት አይደለም። ጌታችንም የሜዳ አበቦችን እንዲመለከቱ የነገራቸው ስለሚበሉትና ስለሚለብሱት ይጨነቁ ለነበሩ ሰዎች ነው። ይሁን እንጂ ያቺ ሴት አበባውን የምታየው ሸክሟን ስታወርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ አበባ ውበት የሚናገር ሰው ሸክም የማቅለል ግዴታም አለበት። መምህሩ የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ባልንጀራን የሚያስረሳ መመልከት በእርግጥ ጊዜ ማባከን ነው፤ ጥፋቱ ግን የአበባው ሳይሆን የተመልካቹ ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚቆየው ዘመነ ጽጌ ልጆቻችሁን ወደ ቡራዩም ሆነ ወደ ሱሉልታ ኮረብቶች ስታወጡ፣ አበባውን ሳይቀጥፉ ማየትን አስተምሯቸው። ስትቆሙም መንገድ የዘጋችሁበት ሰው እንዳለ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።