የለመደ እግር

«አላወቅሁም» የምትለው ቃል በአገራችን ብዙ ዕዳ ታሰርዛለች። ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ «አላወቅሁም» ይላል። ጎልማሳው የሰው ስም አጥፍቶ፣ ሹሙም ፋይል ጠፍቶበት እንዲሁ ይላል። እኔም አምና ይህችኑ ቃል ልናገር አፌን ከፈትሁና መልሼ ዋጥኋት። ለምን እንደዋጥኋት ላጫውታችሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከፍልስፍና ሳይሆን ከመኪና ፍሬን ነው።

ቤተሰባችን አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ቶዮታ ሃይሉክስ አለችው። ጤፍ ከወፍጮ ቤት ታመጣለች፤ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ትጭናለች፤ ቤት የሚቀይር ዘመድም አይጠፋም። አብዛኛውን ጊዜ የምነዳት እኔ ነበርሁ። ከጊዜ በኋላ የፍሬኑ ፔዳል ደንደን እያለ መጣ። በአንድ ቀን ቢሆን ኖሮ በደነገጥሁ ነበር። ግን ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያለ ስለመጣ እግሬም ትንሽ ትንሽ ኃይል እየጨመረ ተከተለው። ስረግጠው ከመሪው ሥር «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። የፍሬን ዘይቱም በየሦስት ሳምንቱ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። እኔ እሞላለሁ እንጂ የጎደለው ዘይት ወዴት ሄደ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ እሑድ ታናሽ ወንድሜ አልጋና ቁም ሣጥን የሚያጓጉዝ ጓደኛ ነበረውና መኪናዋን አዋስ አለኝ። ቁልፉን ወረወርሁለት። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ማገዶ የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው የመንገዱን ዳር ይዘው ይወርዱበታል። ወንድሜ አንድ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲረግጥ መኪናዋ እንደጠበቀው አልቆመችለትም። መሪውን ወደ ቦዩ ጠመዘዘና የድንጋይ ካብ መትቶ ቆመ። አንዲት ሴት ሸክማቸውን ጥለው ሲዘሉ ወድቀው ጉልበታቸው ተላጠ። ከዚያ የከፋ ነገር አልደረሰም፤ ተመስገን ነው።

«ፍሬኑ እኮ አልያዘልኝም!» አለኝ ወንድሜ፣ እጁ ገና እየተንቀጠቀጠ።

«ጠንከር አድርገህ መርገጥ ነበረብህ፤ እሷ እንደዚያ ነው የምትፈልገው» አልሁት ሳላስብ።

ዝም ብሎ አየኝ። ቀጥሎም «ታዲያ ይኸን ከመሄዴ በፊት ለምን አልነገርኸኝም?» አለ።

«አላወቅሁም» ልል የነበረው ያኔ ነው። ዳሩ ግን ከአንድ ደቂቃ በፊት የገዛ አፌ እንደማውቅ መስክሮብኛል።

በማግስቱ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ሄድን። ሰውዬው ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ሞተሩን አስጠፉኝና ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሜ እንድረግጥ፣ ከዚያም እግሬን ሳላነሳ ሞተሩን እንዳስነሳ አዘዙኝ። «ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ሲነሳ ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል» አሉ። ሞተሩ ተነሣ፤ ፔዳሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

የታመመው ሰርቮው ነበር። ይኸ በሾፌሩ ፊት ለፊት፣ ከሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ የታሰረ፣ ድስት የሚያህል ጥቁር ቆርቆሮ ነው። ውስጡን አንድ የጎማ መጋረጃ ለሁለት ይከፍለዋል። በእንደኛዋ ዓይነት የናፍጣ መኪና ላይ ከዲናሞው ጀርባ ያለች ፓምፕ ከሁለቱም ክፍሎች አየሩን ትመጥጣለች። ሾፌሩ ሲረግጥ የውጭው አየር ከእግሩ በኩል ባለው ክፍል ይገባና መጋረጃውን ወደፊት ይገፋል፤ የእግርም ጉልበት ይበረክታል። አልበርት ደዋንድር የተባለ የቤልጅግ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ካሳወቃቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው። ረዳታችን እንግዲህ ተራው አየር ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ግድም ነው። ጤነኛው ሰርቮ እንኳ እኛ ዘንድ ጅቡቲ ላይ ካለው ጉልበት ያነሰ ነው የሚኖረው። መጋረጃው ሲቀደድማ አየሩ በሁለቱም ወገን እኩል ይሆንና እርዳታው ይቀራል። ፍሬኑ አይጠፋም፤ የሚጠፋው እርዳታው ነው። የጎደለውን እግር ይሞላዋል። የለመደ እግር ከሆነ!

መካኒኩ ሰርቮውን ለመኮነን አልቸኮሉም። አስቀድመው ከፓምፑ የሚመጣውን ቱቦ ነቅለው በአውራ ጣታቸው ደፈኑት፤ ጣታቸውን አጥብቆ ሳበው። ፓምፑም ቱቦውም ነፃ ወጡ። ከዚያ የፍሬን ማስተሩን ፈትተው፣ ቧንቧዎቹ እንዳይታጠፉ በዝግታ ወደፊት ሳብ አደረጉና ጀርባውን አሳዩኝ። በዘይት ርሷል። እኔ በየሦስት ሳምንቱ የሞላሁት ዘይት በማስተሩ ጎማ ሾልኮ ሰርቮው ሆድ ውስጥ ሲጠራቀም፣ መጋረጃውንም ሲበላ ከርሟል። «ሰርቮውን ብቻ ብንቀይር አዲሱንም ይበላዋል፤ መጀመሪያ የማስተሩ ጎማ ነው» አሉ።

ዊሊያም ክሊፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰውና ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1877 ባሳተመው ጽሑፍ ስለ አንድ የመርከብ ባለቤት ይተርካል። መርከቡ አርጅቷል፤ ባለቤቱም ጥርጣሬ ገብቶታል። ነገር ግን «ስንቱን ማዕበል ያለፈች መርከብ አይደለችምን?» እያለ ልቡን አሳምኖ ስደተኞች ጭኖ ላካት። መርከቧ ሰጠመች። ክሊፎርድ ሰውየውን ጥፋተኛ ይለዋል፤ መርከቧ በደኅና ደርሳ ቢሆን ኖሮ እንኳ ጥፋቱ አይቀልም ባይ ነው። የሚጠየቀው ያን ለማመን ምን መብት ነበረህ ተብሎ ነውና።

እኔ ከዚያ ሰውዬ እለያለሁን? እርሱ ጥርጣሬውን ታግሎ ጣለው። እኔ ግን የምታገለው ጥርጣሬ እንኳ አልነበረኝም፤ እግሬ ቀድሞኝ ጨርሶታል። እንዲህ ስል ራሴን ነፃ ላወጣ ዳድቶኝ ነበር። ሆኖም ሬዲዮኑን ከፍ ያደረገው እጄ ነው፤ ዘይት የሞላውም እጄ ነው። አሪስቶትል ሰካራም ባለማወቅ ላጠፋው ይጠየቃል ማለቱ ለዚህ ነው፤ አለማወቁን ያመጣው ራሱ ስለሆነ። ልማድም እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ ልዩነቱ ሽታ የሌለው መሆኑ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጉድለቱን ለለመደው ያቀልለትና ላለመደው ማክበዱ ነው። ዋጋውን የሚከፍሉት ወንድሜና እኚያ ማገዶ ተሸካሚ ሴት ናቸው።

ሶማሌ ተራ ሄደን ያገለገለ ሰርቮ አገኘን። ነጋዴው «አሮጌውን አምጡልኝና ከዋጋው ልቀንስላችሁ» አለ። ያጓጓል፤ የጋዜጠኛ ኪስ ታውቃላችሁ። ጎማው ተቀይሮለት ቢሸጥ መልካም ነው፤ እኔም የገዛሁት የሌላ ሰው አሮጌ ነው። ቀለም ብቻ ተቀብቶ ቢሸጥስ? ያን አላውቅም። «አላወቅሁም» ማለት ደግሞ ከእንግዲህ ለእኔ ክልክል ነው። ሙሉውን ከፈልሁ፤ መካኒኩም አሮጌውን በመዶሻ በስተው ለቆራሌው ሰጡት። «ያበደ ሀብታም» ብለው ሳቁብኝ።

የማስተሩ ጎማ ተቀየረ። ሰርቮው ከመታሰሩ በፊት ማስተሩን የሚገፋው ዘንግ ተለካ፤ ቢረዝም ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዝና ጎማው ይግላል፤ ቢያጥር ፔዳሉ በባዶ ይወርዳል። ከዚያም በቱቦዎቹ የገባው አየር ከዘይቱ ወጣ። ፈተናውን ደገምነው። ሞተሩ ሲነሣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ዝቅ አለ። ሞተሩን ካጠፋን በኋላም የመጀመሪያው እርግጫ ጠለቀ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከፍ ከፍ እያሉ ሄዱ፤ አየሩ አያመልጥም ማለት ነው።

ሴትዮዋን ፈልገን ይቅርታ ጠየቅን። «እኔስ ተርፌአለሁ፤ ለሌላው አስቡ» አሉን።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ሳውስ ቁልፉን አልወረውርም። የምታውቀውን ጉድለቷን ሁሉ አስቀድሜ እናገራለሁ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ለወንድሜ እሰጠውና ሲመለስ «ምን ተሰማህ?» እለዋለሁ። የራሴን እግር አላምነውም። ይኸን ጥያቄ ስለ ቤቴና ስለ ሥራዬም ከውጭ የሚመጣውን ሰው መጠየቅ ጀምሬአለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ አያስደስትም። ግን ቁልቁለቱ ላይ ከመስማት ይሻላል።