ዐሥራ ሁለቱ መሶብ



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በአምስት የገብስ እንጀራና በሁለት ዓሣ አምስት ሺህ ያህል ሰዎችን ባጠገበ ጊዜ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በስብከታችንም ሆነ በትምህርታችን ዘወትር የምናተኩረው በተአምሩ ላይ ነው። ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ ግን ከተአምሩ ቀጥሎ አንድ ነገር ይነግረናል። ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ጌታ የተረፈውን ቁርስራሽ አንዱም ሳይባክን እንዲሰበስቡ ደቀ መዛሙርቱን አዘዘ፤ እነርሱም በሰበሰቡ ጊዜ ዐሥራ ሁለት መሶብ ሞሉ (ዮሐ. 6፥1-13)።

ይህን ትእዛዝ ልብ እንበለው። ትእዛዙን የሰጠው እንጀራ ያጠረው ሰው አይደለም፤ ጥቂቱን ያበዛ፣ በማግሥቱም ቢፈቅድ ዳግመኛ ሊያበዛ የሚችል ጌታ ነው። እንግዲህ ቁርስራሹ የተሰበሰበው ለስጦታው ካለ አክብሮት የተነሣ ነው። ከእግዚአብሔር እጅ የተቀበልነው በረከት ሞልቶ ቢተርፍ እንኳ መሬት ወድቆ ሊረገጥ አይገባውም። ሁለተኛም፣ ትእዛዙ የተሰጠው ለአንድ ደቀ መዝሙር ሳይሆን ለማኅበራቸው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ያን ሁሉ ሜዳ ዞሮ ዐሥራ ሁለት መሶብ ሊሞላ ባልቻለም ነበር።

ከእነዚህ ከሁለቱ፣ ማለትም ከአክብሮትና ከማኅበር በመነሣት፣ ስለ ቤታችን አያያዝና ስለ እግዚአብሔር ፍጥረት በየቁምስናችን ተሰብስበን ልንመክር እንደሚገባን በዚህ ጽሑፍ ልናሳስብ ወደድን።

እናቶቻችን የሚያውቁት፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው

ፍጥረትን መንከባከብ ሲባል ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ትምህርት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ያደረውን እንጀራ ፀሐይ ላይ አስጥታ ድርቆሽ የምታደርግ፣ ድፎ ዳቦዋን በኮባ ቅጠል የምትጋግር፣ ዘንቢሏን ይዛ ገበያ የምትወርድ፣ ባዶውን ጠርሙስ ለቁራሌው የምታስቀምጥ እናት ይህን ትምህርት ማንም ሳይሰብክላት ስትኖረው ቆይታለች። በእርሷ ጓዳ ውስጥ የወንጌሉ መሶብ ዛሬም አለ። የተረሳው ነገር ቢኖር፣ ይህ ልማድ የድህነት ምልክት ሳይሆን የምስጋና ምልክት መሆኑ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መሆኑን ያስተምረናል (ዘፍ. 2፥15)። በግእዝ ሥርዓተ ቅዳሴያችንም ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃና ስለ ምድር ፍሬ እንለምናለን። በመሠዊያው ፊት ስለ ወንዝ ውኃ የጸለየ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ቆሻሻውን እዚያው ወንዝ ውስጥ ቢጥል፣ ጸሎቱን በገዛ እጁ ያፈርሰዋል።

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1990 ለተከበረው የዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት፣ የፍጥረት መጎሳቆል የግብረ ገብ ችግር መሆኑን ገልጸው፣ ሰው ባልንጀራውን ማክበርንና ተፈጥሮን መውደድን በቅድሚያ የሚማረው በቤተሰቡ ውስጥ እንደሆነ አስተምረዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተባለው ዐዋዲ መልእክታቸው ወደ ቤታችን ጓዳ ጠልቀው ገብተዋል። ውኃ መቆጠብ፣ የሚበላውን ያህል ብቻ ማብሰል፣ ቆሻሻን መለየት፣ ዛፍ መትከልና የማይፈለግ መብራት ማጥፋት ከክርስቲያናዊ ኑሮ ጋር የተያያዙ ተግባራት መሆናቸውን ዘርዝረዋል (ቁ. 211)። በዚያው መልእክት ለማኅበር ችግር መፍትሔው የተናጠል በጎ ሥራዎች ድምር ብቻ እንዳልሆነና የማኅበር መለወጥ እንደሚያስፈልግ አስገንዝበዋል (ቁ. 219)። ይህም ዐሥራ ሁለቱን መሶብ በአንድነት ከሞሉት ደቀ መዛሙርት የምንማረው ነው።

በጢስ ውስጥ ያለው ባልንጀራችን

ጉዳዩ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ከማብሰያ በሚወጣ ጢስና በካይ አየር ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። በአገራችን አብዛኛው ቤተሰብ ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ በሦስት ጉልቻ ላይ የምትጋግር እናት ጢሱን የምትስበው ከሕፃኗ ጋር ነው። ማገዶ ስትለቅም የምትውል ልጃገረድም የትምህርት ሰዓቷን በጀርባዋ ተሸክማ ትመለሳለች። ኩበቱ በተቃጠለ ቁጥር ደግሞ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል፤ ማሳው ሲደክም ምርቱ ያንሳል፤ ምርቱ ሲያንስ ገበሬው ፊቱን ወደ ደኑ ያዞራል።

የከተማው ሰውም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም። ሁላችንም በየዕለቱ የምንቀበለው ፌስታል ቦዩን ይደፍናል፤ ከብቶችም እየዋጡት ይሞታሉ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውንና የማይበሰብሰውን የፕላስቲክ ከረጢት ከልክሎ ነበር፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚያግድ ሌላ ዐዋጅ አጽድቋል። ይሁን እንጂ ዐዋጅ ዘንቢል ይዞ ገበያ አይወጣም፤ ዘንቢሉን የሚይዙት እጆቻችን ናቸው።

የምንጥለው ነገር ከዓይናችን ቢጠፋም ከምድር አይጠፋም። በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ሥፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ በሥሩ ይኖሩ የነበሩ ከመቶ በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ያን ተራራ የሠራው የሁላችን ቤት ነው፤ የወደቀው ግን በድሆች ላይ ነው። በሀብታሙ ደጅ የተኛውን አልዓዛርን ያስተማረን ወንጌል (ሉቃ. 16፥19-31) ይህን በዝምታ እንድናልፈው አይፈቅድልንም።

ሸክሙ የማን ነው?

እዚህ ላይ ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቆጥቡ፣ አታባክኑ የሚለው ስብከት የሚባክን ነገር በሌለው ድሃ ጆሮ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያስፈልጋል። አንድ ባልዲ ውኃ ከሩቅ ቀድታ ለሦስት ነገር የምታውል ሴት በዚህ ጉዳይ መምህራችን እንጂ ተማሪያችን አይደለችም። ለክርስትናና ለሠርግ ድግስ የተትረፈረፈ ምግብ አብስለን በማግሥቱ የምንደፋ፣ ገና የሚያገለግለውን ዕቃ በአዲስ ለመለወጥ የምንቸኩል እኛ ግን የመጀመሪያውን ወንበር በተማሪነት እንያዝ።

እንደዚሁም ወንዶች በስብሰባው ተናግረው፣ ሴቶች ውሳኔውን ተሸክመው ወደ ቤት የሚመለሱበት ጉባኤ ክርስቲያናዊ ጉባኤ ሊባል አይችልም። የምድጃው ጉዳይ የእናት ጉዳይ ብቻ ከሆነ፣ አዲስ ሸክም ጨመርንባት እንጂ አላሳረፍናትም። ደቀ መዛሙርቱ ቁርስራሹን የለቀሙት ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው ነበር፤ አባቶችና ወጣት ወንዶችም እንጨቱን በመፍለጥ፣ ውኃውን በመቅዳት፣ የምድጃውን ገንዘብ በማዋጣት ጎንበስ ይበሉ።

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ልብ ሳይለወጥ ምድጃ ቢለወጥ ትርፉ ጥቂት ነው። ልቡ የተለወጠ ቤተሰብ ግን ጉልቻውን እንደ ነበረ አይተወውም፤ በጢሱ ውስጥ ያለችው እናቱና እኅቱ ናትና።

ጉባኤውን እንዴት እናካሂድ?

እንግዲህ በየቁምስናው፣ በየንዑስ ክርስቲያናዊ ማኅበሩና በየእናቶች ማኅበሩ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ እንሰብሰብ። ለመምህራን የሚከተለውን እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ቃለ እግዚአብሔር ይነበብ። ዮሐንስ 6፥1-13፣ ዘፍጥረት 2፥4-15 እና መዝሙር 104 ለዚህ ይስማማሉ። ከንባቡ በኋላ ረጅም ስብከት ሳይሆን አጭር ጸጥታ ይሁን።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ቤት ባለፈው ሳምንት ምን እንደ ጣለ፣ ምን ያህል ማገዶ እንደ ፈጀ፣ ውኃውን እንዴት እንደ ተጠቀመ ይናገር። ከሌላው ቤት በፊት የራሳችንን እንናገር፤ ማንም በማንም ላይ አይፍረድ።

ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ይወሰን፤ ብዙ የወሰነ ስብሰባ አንዱንም ሳይፈጽም ይቀራል። ለምሳሌ ያህል፣ ባቄላና ሽምብራን ማታ ዘፍዝፎ በማግሥቱ መቀቀል፣ ድስትን ከድኖ ማብሰል፣ እንጨትን በደንብ አድርቆና አሳንሶ ፈልጦ ማንደድ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገር ግን ማገዶ የሚቆጥቡ ናቸው። የወጥ ቤት ጥራጊን፣ ቅጠላ ቅጠልንና አመድን በጉድጓድ አከማችቶ ማዳበሪያ ማድረግ፣ የታጠብንበትን ውኃ ሳሙናው ካልበዛበት ለጓሮው ተክል ማጠጣት፣ የክረምቱን ዝናም ከጣሪያው በአሸንዳ አጠራቅሞ መያዝ ደግሞ ሌሎች ናቸው።

ገንዘብ የሚጠይቀውን ነገር በማኅበር እንሥራ። በእንጀራ መጋገሪያነት የታወቀው ምርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ሊቆጥብ ይችላል፤ ከሰል ለሚጠቀሙም ላቀች ምድጃ አለ። መብራት ያለማቋረጥ በሚገኝበት ከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል። አንዲት እናት ብቻዋን ምድጃ መግዛት ቢያቅታት፣ ዐሥራ ሁለት ቤተሰቦች ዕቁብ ቢገቡ በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ባለ ምድጃ ይሆናሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» መባሉ ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ዕጣም በጢስ እጅግ ለተጎዳው ቤት ቢሰጥ፣ ዕቁቡ ራሱ ስብከት ይሆናል።

በመጨረሻ፣ የሚቀጥለው ጉባኤ ሲከፈት ያለፈው ውሳኔ ከምን እንደ ደረሰ ይጠየቅ። ያቃተው ቤት ካለ ለምን እንዳቃተው ተረድተን እንርዳው እንጂ አናሳፍረው። ሕፃናትንም አንርሳ፤ የተከሉትን ችግኝ ስሙን እየጠሩ የሚያጠጡ ሕፃናት ትምህርቱን ከእኛ ይልቅ ሳይረሱት ይኖራሉ።

ተስፋችን

ይህ ሁሉ ከዓለም ችግር አንጻር ኢምንት ነው የሚል ሰው ይኖራል። በእርግጥ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ሐዋርያዊ ማሳሰቢያ ዋናው መፍትሔ ከመንግሥታት ታላላቅ ውሳኔዎች እንደሚመጣ አልሸሸጉም። ነገር ግን ቤተሰቦች የሚያደርጉት ጥረት አዲስ ባህልን እንደሚወልድ፣ ለታላላቆቹም ውሳኔዎች መንገድ እንደሚጠርግ አክለው አስተምረዋል። በብላቴናው እጅ የነበረው አምስት እንጀራም ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ኢምንት ነበር፤ ጌታ ግን አልናቀውም።

የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዲሜጥሮስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1989 መስከረም 1 ቀን ስለ ፍጥረት የሚጸለይበት ዕለት እንዲሆን ጥሪ አቅርበው ነበር፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 ይህን ዕለት በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን እንዲከበር ወስነዋል። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 26 ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ ዕለት አንሥቶ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በዓል እስከሚከበርበት እስከ መስከረም 24 ቀን ገደማ ያለው ጊዜ የፍጥረት ወቅት ይባላል። ክረምቱ የሚወጣበት፣ ዓመቱ የሚታደስበት፣ የመስቀሉ ደመራ የሚደመርበት ጊዜ በመሆኑ ለእኛ እጅግ የተመቸ ነው። የመጀመሪያውን ጉባኤያችንን በዚህ ወቅት ብንጀምር መልካም ይሆናል።

ምድርን በአበባ የሚያስጌጥ፣ ለተራበው እንጀራን የሚሰጥ እግዚአብሔር፣ የሰጠንን በአክብሮት እንድንይዝ፣ የተረፈንን ለሌለው እንድናካፍል፣ ተሰብስበንም ስጦታውን እንድንጠብቅ ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።