መጀመሪያ ጎሚስታህን ያዝ

ልጄ፣ ለቪትዝህ አራት ጎማ በቴሌግራም አይተህ ዋጋው ሰፈርህ ካለው ሱቅ ረከስ ብሎ እንዳገኘኸው ነግረኸኛል። «ልዘዘው ወይስ እዚሁ ጎሚስታው ጋ ልግዛ?» ነው ጥያቄህ። እኔ የምልህ ከሁለቱም በፊት የሚገጥምልህን ሰው ፈልግ ነው። ጎማ እንደ ጫማ ገዝተህ ወዲያው የምታጠልቀው ዕቃ አይደለም። ቸርኬ ላይ ይወጣል፣ ባላንስ ይደረጋል፣ ነፋሱ ይለካል፣ ዳዶው ይጠብቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰው እጅ ነው። ደህናው ጎማ መጥፎ እጅ ከገባ ወይ ጠርዙ ይቀደዳል፣ ወይ አንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ያልቃል፤ ርካሽ ገዛሁ ያልከው ገንዘብ በዚያው ይሄዳል።

ኢንተርኔቱን የምጠላ እንዳይመስልህ። እኛ ጎማ ስንገዛ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደን፣ ከሱቅ ሱቅ ዞረን፣ ሻጩ ፊታችንንና መኪናችንን አይቶ ከጠራው ዋጋ ጋር ስንሟገት ነበር የምንውለው። እህትህ ብቻዋን ስትሄድ የሚነገራትና እኔ አብሬያት ስሄድ የሚነገራት ዋጋ ዛሬም አንድ አይደለም። ስልክህ ላይ ግን አሥር ሻጭ ለአንድ ዓይነት ጎማ ስንት እንደሚጠይቅ ቤትህ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ባትገዛበት እንኳ ሱቅ የምትገባው ዋጋ አውቀህ ነው።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ጎማ በኢንተርኔት ያዛሉ ሲባል ሰምተህ ይሆናል። እውነት ነው፤ እንደ ታየር ራክ ያሉ ትልልቅ ሻጮች አሏቸው። ነገር ግን እዚያ ገዢው ሲያዝ ሰፈሩ አካባቢ ካሉት ገጣሚዎች አንዱን ይመርጣል፣ ጎማው በቀጥታ ወደዚያ ጋራዥ ይላካል፣ እሱ በቀጠሮው መኪናውን ይዞ ሄዶ የመግጠሚያውን ለብቻ ይከፍላል። እዚህ ጎማው በሞተር ተጭኖ ደጅህ ይመጣል፤ ሻጩና ጎሚስታው አይተዋወቁም። ነገ ጎማው ጎኑ ላይ ቢያብጥ ሻጩ «ሲገጠም ነው የተበላሸው» ይልሃል፣ ገጣሚው «ጎማው ነው» ይልሃል፣ አንተ መሃል ቤት ትቀራለህ። ሁለቱን ማገናኘት ያንተ ሥራ ነው የምልህ ለዚህ ነው።

አሁን ጎማውን ማንበብ ላሳይህ። መኪናህ የሚፈልገው በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ያንተዋ 175/65 አር 14 ከሆነች፣ 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት ከመቶ እንደሆነ ይነግርሃል፤ 14 ቸርኬው በኢንች ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያየውም። 82ቲ ካለ፣ 82 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 475 ኪሎ ይሸከማል፣ ቲ ማለት ደግሞ በሰዓት እስከ 190 ኪሎ ሜትር ተፈቅዶለታል ማለት ነው። ፍጥነቱ አያሳስበኝም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማን ይደርስበታል! ሸክሙን ግን ልብ በል። አንተ ሰው የምትጭን ነህ፤ በር ላይ ከተጻፈው ያነሰ ቁጥር ያለው ጎማ በነጻ ቢሰጡህ አትቀበል።

ዋናው ነገር ዕድሜው ነው። ጎማው ጎን ላይ ዲ.ኦ.ቲ የሚል ጽሑፍ ፈልግ፤ መጨረሻው ላይ በሞላላ ክብ የታጠሩ አራት አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። አንዳንዴ ይህ ቁጥር በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ገልብጠህ እይ። እና እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው የሚጠመድበት ወጥመድ አለ፤ ዓመቱ የፈረንጆች ነው። ዘንድሮ 2018 ዓ.ም. ነው። ጎማው ላይ 3418 የሚል ቢያሳዩህና «የዘንድሮ ነው፣ ይኸው 18» ቢሉህ፣ ያ ጎማ የተሠራው በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 2010 ነው። ሳይነዳ ሰባት ዓመት አልፎታል። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ ፀሐይና አየር ያደርቁታል፣ ውስጥ ውስጡን ይሰነጣጠቃል። ብዙ መኪና አምራቾች ስድስት ዓመት የሞላውን ጎማ ጥርሱ ደህና ቢሆንም ቀይሩ ይላሉ፤ ጎማ ሠሪዎቹም ቢሆኑ ከአሥር ዓመት በላይ እንዳትጠቀሙ ይመክራሉ። ፖሊሽ የተቀባ ጎማ በፎቶ ሲታይ ሁሉም አዲስ ነው።

ስለዚህ በቴሌግራም ስትጠይቅ «ስንት ነው?» ብለህ አትጀምር። «የአራቱንም የዲ.ኦ.ቲ ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» በል። የሚሸጥ ጎማ ያለው ሰው ይልክልሃል። «ወንድሜ፣ ኦሪጅናል ነው፣ አትጠራጠር» ብቻ እያለ የሚያዋራህ ከሆነ፣ ጎማው እሱ ጋ የለም ወይም ቁጥሩን እንድታየው አይፈልግም። ቀብድ በቴሌብር ላክ ካለህ ተወው፤ ዕቃው ከመጣና ካነበብከው በኋላ ክፈል። ያመጣው ልጅ ሞተሩን ሳያጠፋ ቢያጣድፍህም ጎንበስ ብለህ አራቱንም እይ፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት ሆነው አራተኛው አሮጌ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ያገለገለ ጎማ ከሆነ ደግሞ ከነአካቴው በፎቶ አትግዛ። ውስጡን በእጅህ ዳብሰህ፣ የተለጠፈ ካለ አይተህ፣ ጥርሱ በጋለ ብረት ዳግመኛ የተቆፈረ መሆን አለመሆኑን መርምረህ ነው። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ ተበልቶ ከእነሱ እኩል ከሆነ ያ ጎማ አልቋል።

ወደ ጎሚስታው ልመለስ። ጥሩውን እንዴት ትለየዋለህ? ሥራውን ቆመህ እይ። የጎማውን ከንፈር በሳሙና ውሃ አርሶ ነው ወይስ ደረቁን በብረት እየፈለቀቀ የሚያስገባው? በቱቦለስ ጎማ ላይ ነፋስ መግቢያውን አብሮ ይቀይራል ወይስ የድሮውን ይተዋል? ባላንስ ማሽን አለው? ቀዳዳ ሲጠግን ጎማውን አውርዶ ከውስጥ በማስቲሽ ይለጥፋል ወይስ ሁሉንም ከውጭ ወግቶ የጎማ ክር ሰክቶ ይሸኛል? ጎኑ የተቀደደውን «እሰፋልሃለሁ» የሚልህ ከሆነ አመስግነህ ሂድ፤ ጎን አይጠገንም። ዳዶ ሲያስር ደግሞ በእጁ ጀምሮ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቀ፣ መኪናው ከክሪክ ከወረደ በኋላ የመጨረሻውን የሚያጠብቅ ሰው ባለሙያ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዳዶም ይሠራል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ተመልሰህ አስፈትሸው።

ነፋስ ላይ ብዙዎቹ በልምድ ነው የሚሞሉት፤ ጎማውን ረገጥ አድርገው «በቃ» ይላሉ። የራስህን መለኪያ ግዛ፣ ውድ አይደለም። በበሩ ላይ 230 የሚል ካየህ ኪሎ ፓስካል ነው፤ በጎሚስታው መለኪያ 33 ፒ.ኤስ.አይ. ይሆናል። የምትለካው ጠዋት ሳትነዳ ነው፤ ጎማ ከሞቀ ነፋሱ ስለሚጨምር ያታልልሃል።

አንድ ነገር ላይ ከጎሚስታህ ጋር ትከራከር ይሆናል። ገንዘብ አጥሮህ ሁለት ብቻ ከገዛህ አዲሶቹን የት ታስገባለህ? እሱ «መኪናዋ የምትጎትተው በፊት ስለሆነ ፊት ላይ» ይልሃል። ጎማ ሠሪዎች የሚመክሩት ግን ኋላ ላይ ነው። በክረምት ውሃ የተኛበት አስፋልት ላይ የፊቱ ቢያንሸራትትህ ነዳጁን ለቀህ በመሪ ታርመዋለህ፤ የኋላው ከለቀቀ መኪናዋ ዞራ ነው የምትቆመው። እዚህ ላይ አትሸነፍ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለያዙ ጓደኞችህም ንገራቸው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ከተማው በእነሱ ሞልቷል፤ ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ ጎማቸውም የሚሸከመው ቁጥር ከፍ ያለ ነው። አይዲ 4 ላይ ደግሞ የፊቱ 235፣ የኋላው 255 ስፋት ነው፤ «አራት አንድ ዓይነት» ብሎ ያዘዘ ሰው ሁለቱን መመለሱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቁጥር ሰፈር ውስጥ ስለማታገኘው፣ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ እዚህ ጋ የግድ ይሆናል።

ከየትም ግዛ፣ ደረሰኝ ሳትይዝ አትውጣ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በገዛህ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልህ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስልህ የመጠየቅ መብት ይሰጥሃል። ግን ስሙንና አድራሻውን የማታውቀውን የቴሌግራም ሻጭ የት ሄደህ ትጠይቀዋለህ? ሱቅ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሻጭ ኢንተርኔት ላይ ካገኘህ ጥቂት ብር ቢበልጥም እሱን ምረጥ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ፦ ዋጋውን በስልኬ አጣርቼ፣ ጎሚስታዬ ጋ ሄጄ «ይህን ጎማ በዚህ ዋጋ አግኝቻለሁ፣ አንተ ታመጣልኛለህ ወይስ እኔ ላምጣና ትገጥምልኛለህ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ቢያመጣልኝ በትንሽ ልዩነት ከእሱ እገዛለሁ፤ ችግር ቢመጣ የማውቀው ሰው ነውና። ባያመጣልኝ ከኢንተርኔቱ ገዝቼ፣ ጎማውን ተቀብዬ የምከፍለው እሱ ጋ ቆሜ፣ እሱም አይቶልኝ ነው።

ለጊዜው ግን ምንም አትዘዝ። ዛሬ ማታ መኪናህን ስታቆም የአራቱንም ጎማ የዲ.ኦ.ቲ ቁጥር ጽፈህ ላክልኝ። የስኮርታውንም ጨምር፤ ምናልባት ከሁሉም የሚያረጀው እሱ ነው።